የዱሮ ሰነድ ፍለጋ ከስድስት ኪሎ፦ የታሪክ ምንጮችን በቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋቶች የማግኛ መመሪያ

የታሪክ ጥናት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱን እንዳለ መፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ ይጽፍና ሦስት መጽሐፍ፣ ሁለት የጋዜጣ ጽሑፍ ሲመጣለት “በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ የለም” ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ምንጩ፣ ማለትም በጊዜው የተጻፈው ሰነድ፣ አለ። የጻፈው ግን የዚያ ዘመን ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ቃል፣ በራሱ ቋንቋና በራሱ ካሌንደር ነው የጻፈው። የመረጃ ቋት የሚያውቀው የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ዛሬ በምንጠራው ስም ስንጠይቀው መልስ የለውም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ፦ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባ ሰፈሮች “ኅዳር ሲታጠን” እያሉ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ሁላችንም አይተናል። ከዚህ ልማድ ጀርባ ያለውን ወረርሽኝ በዘመኑ ሰዎች እጅ ከተጻፈ ወረቀት ላይ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምራል?

1. ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት አራት ጥያቄ በወረቀት ላይ መልሱ

ይህን ነገር በጊዜው ማን ሊጽፈው ይችላል? በምን ቋንቋ? ነገሩን ምን ብሎ ይጠራዋል? ጽሑፉስ መቼ ተጻፈ፣ መቼስ ደረሰ?

ለኅዳር በሽታ እንሞክረው። በ1911 አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የመንግሥታቱ መልእክተኞች ጽሕፈት ቤቶች) ነበሩ፤ ወደየአገራቸው ሪፖርት ይልካሉ። ሚሲዮናውያንና ነጋዴዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ። የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሰዎች ማስታወሻ ይይዛሉ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ግን የተጀመረው በ1917፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934፣ አዲስ ዘመን ደግሞ በ1933 ነው። ስለዚህ የ1911ን ዜና ከእነዚህ ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቢገኝም ከዓመታት በኋላ የተጻፈ ትዝታ እንጂ የዕለቱ ዜና አይሆንም። ምንጮች መቼ እንደተወለዱ ማወቅ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

2. ከአንድ ጥሩ ጥናት የግርጌ ማስታወሻ ተነሡ

የሁለተኛ ደረጃ ምንጭ፣ ማለትም ከጊዜ በኋላ የተጻፈ ጥናት፣ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። ስለ ኅዳር በሽታ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1975 እ.ኤ.አ. በተቋሙ መጽሔት፣ በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ፣ አንድ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። መጽሔቱ ጄስቶር በሚባለው የጥናት መጽሔቶች የኢንተርኔት ቋት ላይ አለ። ጄስቶር በነፃ አካውንት ለከፈተ ሰው በወር እስከ 100 ጽሑፍ ድረስ በኦንላይን ያስነብባል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካልሆናችሁም ይህ በር ክፍት ነው።

ጽሑፉን ስታነቡ ዓይናችሁ ከገጹ ግርጌ ይሁን። ደራሲው የጠቀሰውን እያንዳንዱን ሰነድ፣ የማን እንደሆነና የት እንደተቀመጠ እየለያችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ፍለጋችሁ በጭፍን አይሆንም፤ ስም፣ ቀንና የማኅደር ቁጥር በእጃችሁ ነው።

ከዚሁ ጋር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጥናታዊ ጽሑፎች ማከማቻ በኢንተርኔት ክፈቱ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የሠሯቸው የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ሁለት የማይናቁ ነገሮች አሉ፦ የተጠቀሙባቸው የመዛግብት ዝርዝርና የመረጃ ሰጪዎች ስም ዝርዝር። በየአካባቢው ያነጋገሯቸው አረጋውያን ዛሬ ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። ቃላቸው ያለው እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ይህንን ክፍል ሳያነቡ የሚያልፉ ሰዎች ስንት ነገር እንደሚያመልጣቸው ሳስብ ያሳዝነኛል።

3. ቀኑን መልሱ፣ ከዚያ አስፉት

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ካሌንደር ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ደምሩ። ዓመቱ በዚህ ይገኛል። ቀኑ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኅዳር 1 ቀን 1911 ኖቬምበር 10 ቀን 1918 ነው፤ ኅዳር 12 ደግሞ ኖቬምበር 21። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን አንድ ቀን ይዘላል፤ መስከረም 1 ቀን 1912 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው።

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሰነድ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላም አለ። የዓድዋን ድል ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው፤ የፈረንጅ መጻሕፍት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። ስሕተት አይደለም። 1900 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮሳውያን ዘንድ ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ እኛ ግን የራሳችንን ጳጉሜን 6 አልዘለልንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀን ሁሉ ዛሬ በለመድነው ስሌት ከተመለሰ በአንድ ቀን ይስታል። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ሚያዝያ 25 ቀን 1881ም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ሜይ 3 ላይ ይውላል፣ በዚያን ጊዜ ግን ሜይ 2 ነበር። የቴሌግራምን ቀን ከቴሌግራም ጋር ለሚያመሳክር ሰው አንድ ቀን ብዙ ነው።

ቀኑን ካገኛችሁ በኋላ ግራና ቀኙን አስፉት። በእኛ ምሳሌ ይህ ግዴታ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ ማቆም ስምምነት የተፈረመው ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ነው፤ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911። በዚያ ወር የአውሮፓ ጋዜጦች ገጽ በሙሉ በጦርነቱ ማብቃት የተሞላ ስለሆነ የአዲስ አበባ ወረርሽኝ ቢነሣም በትንሿ ዓምድ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤም በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ አውሮፓ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የፍለጋውን ቀን ከኦክቶበር 1918 እስከ 1919 አጋማሽ ድረስ ክፈቱት።

4. በዚያ ዘመን ስም ጥሩት

ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ እንስጠው።

በውጭ ቋንቋ ስትፈልጉ “ኢትዮጵያ” ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የ1918 የእንግሊዝ ጸሐፊ “አቢሲኒያ” ይላል፤ ፈረንሳዩም “አቢሲኒ” ሊል ይችላል። በሽታው በእንግሊዝኛ “ኢንፍሉዌንዛ” ሲሆን በፈረንሳይኛ “ግሪፕ” ነው። “የኅዳር በሽታ” የሚለው የእኛ ስም በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

የሰው ስም ደግሞ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል። በዚያ ወረርሽኝ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ስማቸው በላቲን ፊደል በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይጻፋል፤ “መኰንን”ም በአንድ ኤን፣ በሁለት ኤን፣ በኦም በኢም ይመጣል። የምኒልክ ስም መጨረሻው በኬ፣ በሲና ኬ፣ መካከሉም በኢ ወይም በአይ ይጻፋል። የአዲስ አበባም ስም በእንግሊዝኛ በኤ፣ በኢጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በኢ ነው፤ ፈረንሳዮች መካከሉ ላይ ሰረዝ ይጨምሩበታል። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩና በየተራ ሞክሩ። ብዙ የመረጃ ቋቶች የኮከብ ምልክት ይቀበላሉ፦ የስሙን መጀመሪያ ጽፋችሁ ኮከብ ብታስከትሉ በዚያ የሚጀምረውን ሁሉ ያመጣል።

የሌጋሲዮኑን ኃላፊ ስም ማወቅም ትልቅ ቁልፍ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ ሚኒስትር ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበሩ። “ኢንፍሉዌንዛ” የሚለው ቃል የማያወጣውን ሪፖርት የላኪው ስም ሊያወጣው ይችላል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ችግሩ ከራሳችን ፊደል ይነሣል። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። “ኅዳር”ን ፈልጋችሁ ካጣችሁ “ሕዳር” እና “ህዳር” ብላችሁ ድገሙት። “ዐፄ”፣ “ዓፄ”፣ “አፄ”፣ “አጼ” አራቱም በካታሎግ ውስጥ ይገኛሉ። “ኃይለ ሥላሴ” ደግሞ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ለማየት በየመጻሕፍት መደብሩ ያለውን ሽፋን መመልከት ይበቃል፤ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። በተለይ ቦታ መተዉንና አለመተዉን አትርሱ፤ አንዲት ባዶ ቦታ ውጤቱን ዜሮ ታደርገዋለች።

በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የተመዘገቡ የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ርዕሳቸው ወደ ላቲን ፊደል ተገልብጦ ነው የተጻፈው። የፊደሉን ነጥብና ሰረዝ ሁሉ ማስገባት ግን ግድ አይደለም፤ አብዛኞቹ ካታሎጎች ያለ ምልክትም ይፈልጋሉ። የደራሲን ስም ስትፈልጉ ደግሞ ሁለቱንም ሞክሩ። በሥርዓቱ የተሠራ ካታሎግ የእኛን ሰው በራሱ ስም ያስቀድማል፤ ሌላው ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ይገለብጠዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን በ“ባሕሩ” ያጣ ሰው በ“ዘውዴ” ያገኛቸዋል።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ፦ በትላልቅ ካታሎጎች ውስጥ ከርዕሰ ጉዳዩ ጋር በእንግሊዝኛ “ሶርስስ”፣ “ኮረስፖንደንስ”፣ “ዳያሪስ” ወይም “ፐርሰናል ናራቲቭስ” የሚለውን ጨምሩ። የካታሎግ ባለሙያዎች የሰነድ ስብስብን፣ ደብዳቤን፣ የዕለት ማስታወሻንና የዓይን ምስክርን የሚለዩባቸው መደበኛ መጠሪያዎች ናቸው። ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ይወገድላችኋል።

5. የትኛው ቋት ምን እንደሚፈልግላችሁ ለዩ

ሦስት ዓይነት የመረጃ ቋት አለ። አንደኛው የሰነዱን ሙሉ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው መግለጫውን ብቻ፣ ሦስተኛው ምስሉን ያሳያል እንጂ ጽሑፉን አይፈልግም። ይህን ሳያውቁ መፈለግ ነው “የለም” የሚያሰኘው።

ሙሉ ጽሑፍ ከሚፈልጉት ውስጥ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ ነፃ ነው፤ ቀንና የሰነድ ዓይነት መምረጥ ይቻላል፤ ፒዲኤፍም ያወርዳል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያሳትማቸው የዲፕሎማሲ ሰነዶች ስብስብም በድረ ገጹ በነፃ ይነበባል፤ የኢጣሊያን ወረራ ለሚያጠና ሰው የ1935 እና የ1936 እ.ኤ.አ. ጥራዞች ከአዲስ አበባ በተላኩ ቴሌግራሞች የበለጸጉ ናቸው። በእነዚህ ቋቶች ውስጥ ጽሑፉን ያነበበው ማሽን መሆኑን አስታውሱ፤ የደበዘዘ ገጽ ላይ ያለ ቃል ተሳስቶ ሊመዘገብ ይችላል። ቃሉ ካልመጣ ቀኑን ይዛችሁ ጋዜጣውን በገጽ በገጽ ግለጡ።

መግለጫ ብቻ ከሚፈልጉት ውስጥ ዋናው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካታሎግ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ደብዳቤዎች ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፍ ኦ 371 በሚባለው ተከታታይ (የማኅደሮች ስብስብ) ውስጥ ይገኛሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው የአቢሲኒያ ደብዳቤ በኤፍ ኦ 1 ነው። በዚያ ዘመን ያለው የኤፍ ኦ 371 ማኅደር መግለጫ ብዙ ጊዜ የአገሩን ስም፣ ዓመቱንና የፋይል ቁጥሮችን ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ “ኢንፍሉዌንዛ” ብሎ ለጠየቀው ሰው ምንም አይመልስም፤ ወረቀቱ ግን ማኅደሩ ውስጥ ተጣጥፎ ሊኖር ይችላል። እዚህ መጠየቅ ያለበት “አቢሲኒያ”፣ ተከታታዩ “ኤፍ ኦ 371”፣ ቀኑ ከ1918 እስከ 1919 ተብሎ ነው። ማኅደሩ ዲጂታል ካልሆነ የማኅደሩን ቁጥር ይዞ ቅጂ በክፍያ ማዘዝ ይቻላል።

የመንግሥታቱ ማኅበር መዛግብት ጄኔቫ ናቸው። ከ2017 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በተሠራ ሥራ 15 ሚሊዮን ያህል ገጽ ዲጂታል ሆኖ በነፃ ተከፍቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ንግግር ያደረጉበትን ጉባኤ ዙሪያውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከአራት ኪሎ ካፌ ተቀምጦ ፋይሉን ሊያገላብጥ ይችላል። አባቶቻችን ይህን ለማየት አውሮፓ መሄድ ነበረባቸው።

ለብራና መጻሕፍት በአሜሪካ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት የንባብ ክፍል አለ፤ ነፃ አካውንት መክፈት ይጠይቃል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የአገራችን ብራናዎች በኢኤምኤምኤል (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) ቁጥር ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹን አንብበው ካታሎግ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ለአደጋ ለተጋለጡ መዛግብት ያቋቋመው ፕሮግራምም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጨምሮ ከአገራችን የተነሡ ብራናዎች አሉት። የታሪክ ተመራማሪ “ይህ ወንጌል ነው፣ ይህ ድርሳን ነው” ብሎ አይለፍ። ባዶ በቀሩ ገጾችና በህዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የምስክሮች ስም፣ አንዳንዴም የረኃብና የበሽታ ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። ምስል ስለሆነ ግን መፈለጊያ ሳጥን አያወጣውም፤ የካታሎጉን “ተጨማሪ ጽሑፎች” የሚል ክፍል ማንበብ፣ ከዚያም ገጹን መግለጥ ነው።

6. ከስክሪኑ ወደ መደርደሪያው

በመካከለኛው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ያለውን ዕድል ያውቅ ዘንድ እፈልጋለሁ። ሌላው ዓለም በኢንተርኔት የሚመኘው መጽሐፍ እኛ ዘንድ በታክሲ ርቀት ላይ ነው።

ሃቲትረስት የሚባለውን የዲጂታል መጻሕፍት ስብስብ ውሰዱ። ብዙ መጻሕፍቱ በመብት ምክንያት አይከፈቱም፤ የውስጥ ፍለጋው ግን ይሠራል፤ የምትፈልጉት ቃል በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። የገጹን ቁጥር ጻፉና ስድስት ኪሎ ውጡ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ የዱሮ መጻሕፍትን በብዛት ይዟል። መጽሐፉ እዚያ ካለ በቀጥታ ገጹን ትከፍታላችሁ።

ታትመው የወጡ የሰነድ ስብስቦችንም እዚያው ጠይቁ። የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል “ዝክረ ነገር” የግብር፣ የርስትና የአስተዳደር ደንቦችን አሰባስቧል። የስቬን ሩበንሰን “አክታ ኤቲዮፒካ” ደግሞ ከ1800 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገሥታቱና መሳፍንቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር የተጻጻፉትን ደብዳቤ በዋናው ጽሑፍና በእንግሊዝኛ ትርጉም ይሰጣል። የዐፄ ቴዎድሮስን ደብዳቤዎች ለማየት ለንደን መድረስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቦታ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1936 ሥራ የጀመረ ተቋም ነው፤ የአገር ውስጥ ኅትመት በሕግ ገቢ የሚደረግለትም እርሱ ነው። የጋዜጣ ጥራዞችንና የመንግሥት መዛግብትን ለማየት መታወቂያና ከመሥሪያ ቤታችሁ ወይም ከትምህርት ተቋማችሁ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በ2014 የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ተቀምጦ ለመሥራት ምቹ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስትጠይቁ ጥያቄያችሁን አጥብቡት። “ጋሼ፣ ስለ ኅዳር በሽታ ምን አለ?” ካላችሁ የሚሰጣችሁ መጽሐፍ አንድ ወይም ሁለት ነው። “እትዬ፣ ከ1910 እስከ 1912 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ የውጭ ሐኪም ወይም ሚሲዮናዊ የጻፈው ማስታወሻ ይኖራል?” ካላችሁ ግን ባለሙያዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች። ለዓመታት በዚያ መደርደሪያ መካከል የሠራ ሰው በካታሎግ ያልተጻፈ ብዙ ነገር ያውቃል።

7. ያገኛችሁትን በዚያው ቅጽበት መዝግቡ

መብራትና ኔትወርክ ስለሚቋረጥ ያገኛችሁትን ገጽ በሊንክ ብቻ አትያዙ፤ አውርዱት። የፋይሉን ስም “ዳውንሎድ 14” ብላችሁ አትተዉ፤ ቀኑን፣ የጸሐፊውን ስምና የማኅደሩን ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ “1918-11-21 ቴሲጀር ኤፍ ኦ 371”። በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ ሰነዱ ያለበት ተቋም፣ የማኅደርና የገጽ ቁጥር፣ በሁለቱም ካሌንደር የተጻፈበት ቀን፣ እናንተ ያያችሁበት ቀን።

የፈለጋችሁባቸውንም ቃላት መዝግቡ። በየትኛው ቋት፣ በየትኛው አጻጻፍ፣ ከየትኛው እስከየትኛው ቀን ፈልጋችሁ ምን እንዳገኛችሁ፣ ምን እንዳላገኛችሁ። አማካሪያችሁ “ጋሊካን አይተሃል?” ወይም “በሁለት ኤፍ ሞክረሻል?” ብለው ሲጠይቁ መልሱ ደብተሩ ላይ ይሁን። ቋቶቹም በየጊዜው አዲስ ሰነድ ስለሚጨምሩ፣ ባዶ የመለሰላችሁን ፍለጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያው ዝርዝር ላይ እያያችሁ ድገሙት።

ቅጂ ለማዘዝ የምትጽፉት ኢሜይል አጭር ይሁን፦ የተከታታዩ ስም፣ የማኅደሩ ቁጥር፣ የምትፈልጉት የቀን ክልልና ዋጋውን አስቀድመው እንዲያሳውቋችሁ መጠየቅ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በተመሳሳይ ዘመን ላይ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተባብራችሁ አንድ ማኅደር ብታዙ ይሻላል፤ አንድ የኤፍ ኦ 371 ማኅደር የብዙ ርዕስ ወረቀት ስለሚይዝ ለሁላችሁም የሚሆን አይጠፋም።